ኪቦርድ ከውጭ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ጅማ ልግዛ? የደረሰባችሁን ንገሩኝ

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ኅዳር 8፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። አራት ሆነን ሰርግ እንሠራለን፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ነው አብዛኛው፣ አንዳንዴ ሰቃና አጋሮ ድረስ እንሄዳለን። እስከ ዛሬ የምጫወተው በኪራይ ኪቦርድ ነው። ከአንድ ሰርግ ከማገኘው ግማሹ ለኪራዩ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ቆጥቤ አሁን የራሴን ልገዛ ነው።

የምፈልገው ያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ 900 ነው። አዲሱ ሞዴል 920 ከወጣ ወዲህ ውጭ ያሉ ሰዎች 900ውን እየሸጡ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያገለገለ ግን ንጹሕ የሚመስል አይቻለሁ። ሚኒሶታ ያለችው አክስቴ ለገና ትመጣለች፣ እዛ ገዝታ ይዛልኝ ልትመጣ ፈቃደኛ ናት። ሄርማታ ያለ አንድ ሱቅ ደግሞ ያንኑ ያገለገለ 900 ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ ብሎኛል። ዋጋውን ሳስተያየው የውጩ በሲሶ ይረክሳል። ሲሶ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ አንድ ስፒከር ይገዛልኛል።

ግን ፈራሁ። ያለኝ ገንዘብ ይሄው ነው። ጥር ላይ ሦስት ሰርግ ይዘናል፣ ቀብድም ተቀብለናል። ከውጭ ያስመጣችሁም፣ እዚህ የገዛችሁም፣ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

አጋሮ_ድምፅ · ማታ 2፡31

ከውጭ አስመጣ። የሱቁ ዋጋ አይቀመስም፣ ዝም ብለው ነው የሚቆልሉት።

ሳውንድ_አጂፕ · ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ቆይ አትቸኩል። እኔ በሳውንድ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከውጭም አስመጥቻለሁ፣ እዚህም ገዝቻለሁ። አንዱን ልንገርህ።

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ አምፕሊፋየሩ አብሮት ያለ ሚክሰር ላከልኝ። ሰው ተለምኖ ቦሌ ደረሰ፣ ከዛ በአውቶቡስ ጭኜ ጅማ አስገባሁት። ማታ ካርቶኑን ስከፍተው ልጆቼ ሁሉ ከብበውኝ ነበር። ሶኬቱ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ ከእኛ ግድግዳ ጋር አይገጥምም። ከሰፈር ሱቅ ትንሿን መቀየሪያ ገዛሁና ሰካሁት። ማብሪያውን ስጫነው መብራቱ አንዴ ቦግ አለ፣ ከዛ "ጧ!" አለና ከኋላው፣ በቀዳዳዎቹ በኩል፣ ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ። ሽታው የተቃጠለ ዓሣ ነው የሚመስለው። ልጆቼ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ያቺ መቀየሪያ የሶኬቱን ቅርጽ ነው የምትቀይረው እንጂ ኮረንቲውን አትነካውም። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የላከልኝም ልጅ አያውቅም። ሻጩ ደግሞ እዛው ላለ ሰው ነው የሸጠው፣ ጅማ ይሄዳል ብሎ በምን ይጠርጥር።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት እሱን አጣራ።

ኪቶፉርዲሳ_ኤሌክትሪካል · ማታ 3፡40

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ግን የሰፈር ሰው አምፕና ስፒከር ሲበላሽበት ወደ እኔ ያመጣል፣ እንደዚህ ተቃጥሎ የመጣ ከአንድም ሁለት ሦስት አይቻለሁ።

ዕቃው ጀርባ ላይ ወይም አዳፕተሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈ ነገር አለ። ኢንፑት ከሚለው ጎን "100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" ካለ የትም አገር ይሠራል፣ ሶኬቱን ብቻ ማስተካከል ነው። "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ብቻ ካለ እዚህ ግድግዳ ላይ በቀጥታ እንዳትሰካው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ደግሞ 100 ቮልት ነው፣ እሱ ይብሳል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ሁሉንም ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዛ ይመስለዋል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለባቸው አምፖችና የድሮ ሚክሰሮች ግን እንደዛ አይደሉም።

ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ዋቱን ማየት አለብህ። 300 ዋት የሚወስድ አምፕ 200 ዋት ትራንስፎርመር ላይ ከሰካህ ይግላል፣ ይሸታል፣ መጨረሻው ያው ነው። ኪቦርድ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ በእሱ በኩል ብዙ አትቸገርም። ለማንኛውም አክስትህ የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ አይልሃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ከየትም ግዛው፣ እስታቢላይዘር፣ ኮረንቲ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክለውን፣ ግዛለት። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱን ንቀለው፣ ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፣ ትንሽ ይረጋጋ።

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ማታ 3፡52

ይሄን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ፣ ሚክሰሩስ ተሠራ?

ሳውንድ_አጂፕ · ማታ 3፡58

አልተሠራም። ፊውዙ ተቀየረ፣ ያንንም በላው። ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል እስካሁን።

ዲሲ_የጅማ_ልጅ · ኅዳር 9፣ ጠዋት 12፡20

ሰላም ለአገሬ ልጆች። የፈረንጅ አራዳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ዲሲ አካባቢ ነው የምኖረው። ሁለት ጊዜ ኪቦርድ ይዤ ገብቻለሁ፣ ስለዚህ የሻንጣውን ነገር ከእኔ ስማ።

ኤስኤክስ 900 ክብደቱ 11.5 ኪሎ ነው። ክብደቱ አያሳስብም፣ ከዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስንመጣ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ጉዳዩ መጠኑ ላይ ነው። የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። አሁን ኪቦርዱን ደምረው፦ ርዝመቱ 101 አልፎ፣ ወርዱ 43፣ ከፍታው 14 ገደማ። ራቁቱን ሞልቷል። ካርቶንና ፎም ሲጨመርበት ያልፋል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይከፈልበታል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይሄን አላወቅኩም። ከኋላዬ ሰልፍ ቆሞ፣ እኔ መሬት ላይ ሻንጣ ከፍቼ ለእናቴ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አውጥቼ ለሸኘኝ ልጅ መለስኩ። ለኪቦርዱ የተጠየቅኩትን ለመክፈል ሌላውን ሻንጣ ሙሉ በሙሉ ተውኩት። እናቴ ኪቦርድ አትጫወትም።

አክስትህ ሁለት ሻንጣ ነው ያላት። አንዱን ለአንተ ከሰጠች ለሌላው ዘመድ የምታመጣው ነገር ቀረ ማለት ነው። እሱንም አስብላት።

ደግሞ የመመለሻው ነገር አለ። ውጭ አገር ከሚያስደስተው አንዱ ዕቃ ካልተስማማህ መመለስ መቻሉ ነው፣ ብዙ ቦታ 30 ቀን ይሰጡሃል። ግን ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው እዛ ቤቷ ከደረሰ ጀምሮ ነው። አሁን ኅዳር ላይ ብትገዛው፣ አንተ ጅማ ላይ የምትከፍተው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ 30 ቀኑ አልፏል። ዋስትና አለው ቢሉህም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተሸጠበት አገር ነው። 11 ኪሎ ተኩል መልሰህ ልትልክ ነው? አክስትህ ሙዚቀኛ ናት? ካልሆነች እዛው ማን ይሞክርልሃል? ዲሲ ብትሆን እኔ ሄጄ እሞክርልህ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አጋሮ_ድምፅ · ጠዋት 1፡45

ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እኔ ከውጭ ያስመጣሁት ሳውንድ ካርድ፣ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው፣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ፎከስራይት ስካርሌት ነው፣ ትንሹ። ኃይሉን ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ነው የሚወስደው፣ ስለ 120 እና 220 የሚያስጨንቅ የለም። የአጎቴ ልጅ በእጅ ቦርሳው ይዞልኝ መጣ። በዛን ጊዜ አዲስ አበባ የተጠየቅኩት ዋጋ ከዚህ እጥፍ ነበር። እጥፍ! ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰፈሩን ልጆች የምቀዳው በእሱ ነው። ሱቅ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬም አልቀዳም ነበር። ለዛ ነው ይቆልላሉ ያልኩት። ተናድጄ ነው።

ሄርማታ_ባለሱቅ · ጠዋት 3፡10

አጋሮ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ሰው መጥቶ ዋጋ ጠይቆ፣ ስልኩን አውጥቶ የውጩን አሳይቶኝ፣ አንገቱን ነቅንቆ ሲወጣ እኔም ያመኛል። የሙዚቃ ዕቃ እሸጣለሁ፣ የሱቄ ስም ይቅር፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ሂሳቡን ግን ላሳያችሁ።

ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ይደመርበታል። የ100 ዶላር ዕቃ በአየር ለመምጣት 60 ዶላር ከፈጀ፣ ስሌቱ የሚጀምረው ከ160 ነው። ቫቱ ብቻ፣ 15 በመቶው፣ 24 ዶላር ይሆናል። ጉምሩክ ቀረጡ ደግሞ ቀድሞ ይገባና ቫቱ በእሱም ላይ ይሰላል፣ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብርም አለ። ዕቃው ጅማ ሳይደርስ ነው ይሄ ሁሉ። ከዛ አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ትርፉን ይይዛል፣ ከዛ 350 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ ይመጣል፣ ከዛ ኪራይ፣ ከዛ እኔ።

ዶላሩን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ሲባል፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ300 ዶላር ስፒከር 17 ሺህ ብር የነበረው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ፣ ቀረጥም ትርፍም ሳይነካው። ያን ሳምንት ሱቄ ውስጥ የነበሩትን ዕቃዎች በድሮው ዋጋ የሸጥኩላቸው ሰዎች አሉ፣ ቀብድ ሰጥተውኝ ስለነበር። በሸጥኩበት ገንዘብ ግን መተካት አልቻልኩም። መደርደሪያዬ ለወራት ባዶ ነበር።

እኔ ርካሽ ነኝ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው። እኔ ጋ ሰው ዕቃውን ሰክቶ፣ ነክቶ፣ ሰምቶ ነው የሚወስደው። ሲበላሽበት በሬን ያውቀዋል።

መንዙማ_ጅማ · ጠዋት 4፡02

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ሁሉም ሱቅ እንደ እርስዎ አይደለም። ለእኛ የተሸጠልንን ልንገራችሁ።

የመንዙማ ቡድን አለን። ለመውሊድ ብለን ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ማይክ ገዛን፣ ሹር ኤስኤም 58፣ "ኦሪጅናል" ተብሎ፣ ካርቶንና ቦርሳ ያለው፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ። ሌሊቱን ድቤው ሲመታ ድምፃችን ከውስጡ ጠፋ። ቃሉ አይለይም፣ ጉም ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል። ከፍ ስናደርገው ይጮሃል። መንዙማ ደግሞ ቃሉ ካልተሰማ ምን ቀረው? የሰውን ልብ የሚነካው ግጥሙ ነው። አንድ አባት ተነስተው "ማይኩን ተዉት ልጆቼ፣ እንዲሁ በሉ" አሉን። እንዲሁ ሆኖ ነጋ።

በማግስቱ አንዱ ጓደኛችን አንድ ነገር አነበበ። እውነተኛው ኤስኤም 58 ክብደቱ 298 ግራም ነው። ወርቅ ቤት ወሰድኩትና አስመዘንኩት። ሰውየው ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፣ ቁጥሩ ወጣ ወረደና 211 ላይ ቆመ። ሁለተኛውን አስቀመጠ፣ 209። ከዛ ፈታነው። የእውነተኛው እጀታ ውስጥ ታች በኩል ትራንስፎርመር አለ፣ ክብደቱም አንዱ ከእሱ ነው። የእኛው ባዶ ቱቦ ነው፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ ያለበት።

ይዘን ስንሄድ "አንዴ ከሱቅ የወጣ አይመለስም" ተባልን። ደረሰኝ አልነበረንም። ጥፋቱ የእኛም ነው፣ ደረሰኝ አልጠየቅንም።

ኢንተርኔት ላይም ያው ነው። ውጭ አገር አዲሱ 100 ዶላር ገደማ ነው የሚሸጠው። አንድ ሰው በ25 ዶላር አዲስ አለኝ ካለህ የምትገዛው የእኛን ዓይነት ነው።

ሄርማታ_ባለሱቅ · ጠዋት 4፡15

ይቅርታ ወንድሜ። እንዲህ የሚሸጥ ሰው ለእኛም ጠላት ነው። ቀጣዩን ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ጋም ቢሆን። ደረሰኝ ሳትይዙ ከማንም ሱቅ አትውጡ።

ክራር_ልጅ · ማታ 1፡30

እኔ ደግሞ ሴት ክራር ተጫዋች ነኝ፣ ጅሬን አካባቢ። ከኪቦርዱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ሳይጠቅም አይቀርም።

ክራሬን ከስፒከር ጋር ማገናኘት ፈልጌ ነበር። ማይክ ፊቱ ሳቆም ከበሮውም ሰውም አብሮ ይገባል። ከቻይና በኢንተርኔት አንድ ፒክአፕ አዘዝኩ፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ናት፣ ቆዳው ሥር ትለጠፋለች፣ የሕብረቁምፊውን ንዝረት ወደ ድምፅ ትቀይራለች። ዋጋዋ ከቡናና ከቁርስ አይበልጥም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሌለኝ ጓደኛዬ ናት የከፈለችልኝ። በፖስታ ሳጥን ቁጥር መጣች፣ ሁለት ወር ከ11 ቀን ፈጀባት። በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየሄድኩ "ዛሬም የለም" እባል ነበር። መጣች ግን። እስከ ዛሬም ትሠራለች። እሷን ጅማ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት እግሬ እስኪቀጥን ነው።

ክራሩን ራሱን ግን የሠራልኝ እዚሁ ያለ ሰው ነው። ክረምት ሲገባ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይረግባል። ማታ ትዝታ ቃኝቼ ወጥቼ፣ ሦስት ዘፈን ሳልጨርስ ቅኝቱ ይወርዳል። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ አምባሰል ጀምሬ መሃል ላይ ክራሩ ሌላ ነገር ሆነብኝ፣ እጄ የሚያውቀውን ቦታ ይነካል፣ ጆሮዬ የሚሰማው ሌላ ነው። እንባዬ መጣ። በማግስቱ ሰውየው ጋ ወሰድኩት። ቆዳውን ፈቶ፣ አርጥቦ፣ እንደገና ወጠረው፣ ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቀው። እኔም ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። መቃኛዎቹን ለእጄ እንዲመቹ ትንሽ ላጋቸው። ይሄን ከየትኛው አገር አዝዤ አገኘዋለሁ?

ወንድሜ ቦሳኪቶ፣ ኪቦርድህም ቢሆን ሰው እጅ የሚፈልግበት ቀን ይመጣል። ያ ቀን ሲመጣ ማን ጋ ነው ይዘህ የምትሮጠው? እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነው የማስበው።

ሳውንድ_አጂፕ · ማታ 2፡00

እህቴ፣ ተባረኪ። እርጥበቱን ስላነሳሽ ልጨምር። ጅማ ውስጥ የጊታር ክር ዝገት ይይዛል፣ ጃክ ይዝጋል፣ የስፒከር መያዣ ብሎን ሳይቀር ይዝጋል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን "አትብላ" የሚል የተጻፈባትን ከረጢት አትጣሉ። ኪቦርዱ ቦርሳ ውስጥ ሦስት አራት ጨምሩበት። ሰርግ ቤት ዝናብ ሲመታችሁ ደግሞ እርጥቡን ቦርሳ ዘግታችሁ አታሳድሩ።

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ማታ 2፡20

ሁላችሁንም እያነበብኳችሁ ነው። ሄርማታ ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። የእኛን ምት፣ ችክችካውን፣ የኦሮሞውን፣ የጉራጌውን ስታይል እናንተ ትጭናላችሁ ወይስ ራሴ ልፈልግ? የኪራዩ ኪቦርድ ላይ ነበረ፣ ያለ እሱ ሰርግ መሥራት አልችልም።

ሄርማታ_ባለሱቅ · ማታ 2፡34

እጭንልሃለሁ፣ በፍላሽ ነው። ክራርና ማሲንቆ ድምፅም አለ። ግን ከሰው ስትቀበል ተጠንቀቅ፣ ለኮርግ፣ ለሌላው የኪቦርድ ዓይነት፣ የተሠራ ስታይል ያማሃ ላይ እንዳለ አይከፈትም፣ ብዙ ልጆች ገንዘብ ከፍለው ከዛ በኋላ ነው የሚያውቁት። ከውጭ ብታስመጣውም ይዘህ ና፣ እጭንልሃለሁ።

ዲሲ_የጅማ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ጠዋት 12፡05

ይሄን የሚል ሻጭ ኢንተርኔት ላይ አታገኝም።

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ኅዳር 19፣ ማታ 1፡10

ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ቃል በቃል።

አክስቴ መጀመሪያ ለሻጩ ጻፈችለት፣ "ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካህ ቪዲዮ ቅዳልኝ" ብላ። "ባለበት ሁኔታ ነው የምሸጠው" አላት፣ ሌላ ነገር አልመለሰም። የአዳፕተሩን ፎቶም አልላከም። ከዛ ሂሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው፣ እሷ እዛ በስልክ እኔ እዚህ በወረቀት። እሱ ካለበት ከተማ እሷ ጋ የሚላክበት፣ ከመጠን በላይ ለሆነ ሻንጣ የሚከፈለው፣ እዚህ ሲገባ ቀረጥ ቢጠየቅ የሚያስፈልገው። ሲሶ ያልኩት ልዩነት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። አክስቴ "አመጣልሃለሁ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደስ ይበልህ" አለችኝ። ሻንጣዋን ሳስብ እምቢ አልኳት።

ቅዳሜ ሄርማታ ሄድኩ። ብቻዬን አልሄድኩም፣ ኪቶፉርዲሳ እና ክራር ልጅ አብረውኝ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጋሼ ኪቦርዱን ከአዲስ አበባ አስመጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ድምፁን ቀንሼ፣ ከታች ጀምሬ 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነካኋቸው። መሃል ላይ አንዷ ጮኸች። ቀስ ብዬ ነክቻት ነው፣ ግን በመዶሻ የመታኋት ያህል ጮኸች። ደግሜ ነካኋት፣ ያው።

ኪቶፉርዲሳ_ኤሌክትሪካል · ማታ 1፡25

እሱን እኔ ላስረዳ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መነካኪያ አለ። ጣትህ ሲጫን አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይነካል። ኪቦርዱ በሁለቱ መሃል ያለችውን ቅጽበት ለክቶ ነው ቀስ ብለህ ነካህ ወይስ መታህ የሚለውን የሚለየው። አንዱ አቧራ ወይም ቆሻሻ ከያዘ መለኪያው ይሳሳታል፣ ድምፁ ወይ ይጮሃል ወይ ይጠፋል። ያገለገለ ኪቦርድ ስትገዙ ሁልጊዜ ቀስ ብላችሁ ነው መንካት ያለባችሁ። በኃይል ከነካችሁ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ማታ 1፡38

እንዳለው ነው። ጋሼ ራሳቸው ነክተው ሰሙት። አልተከራከሩኝም። "ይሄን አልሰጥህም" ብለው ካርቶኑ ውስጥ መልሰው፣ እዛው ቆመን እያለን አዲስ አበባ ደወሉ። በአራተኛው ቀን ሌላ መጣ። እሱንም 61ዱን ነካሁት፣ ሁሉም እኩል ይመልሳል። አዳፕተሩ 100-240 ይላል፣ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ። የስድስት ወር ዋስትና በደረሰኙ ላይ በእጃቸው ጻፉልኝ፣ ማኅተምም አደረጉበት። ስታይሎቹን ጫኑልኝ። ችክችካውን ስከፍተው ሱቁ ደጃፍ ላይ ባጃጅ የሚጠብቁ ሴቶች እስክስታ ጀመሩ።

ዋጋው ከውጩ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ስፒከሩን አሁን አልገዛሁም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

አጋሮ_ድምፅ · ማታ 1፡50

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔ ስለ ሳውንድ ካርዱ ያልኩትን አልቀይርም፣ ትንሽና ቀላል ነገር ሲሆን አሁንም ከውጭ ነው የማስመጣው። ባለሱቁን ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። "ይሄን አልሰጥህም" የሚል ነጋዴ እኔ አልገጠመኝም ነበር።

ሄርማታ_ባለሱቅ · ማታ 2፡03

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። አጋሮ ስመጣ ቀረጻህን አሰማኝ።

መንዙማ_ጅማ · ማታ 2፡11

ማሻአላህ። ጋሼ፣ እኛም ቅዳሜ እንመጣለን፣ ለማይኩ። ሚዛኑን ከወርቅ ቤቱ እንዋሳለን።

ቦሳኪቶ_ኪቦርድ · ማታ 2፡20

አንድ ነገር ቀረኝ። እስታንድ የለኝም። የኪራዩ ከነእስታንዱ ነበር፣ እሱን ረሳሁት። የመጀመሪያው ሰርግ ጥር 9 ነው። የሚያውሰኝ ሰው ካለ በጥንቃቄ ይዤ እመልሳለሁ።

ሳውንድ_አጂፕ · ማታ 2፡24

እኔ ጋ አለ፣ ባለ ሁለት እግሩ። አንዱ ጎማው ወልቋል፣ ጨርቅ ጠቅልልበት። ነገ ከ11 ሰዓት በኋላ አጂፕ መጥተህ ደውል።